ታርጋ ላይ ስም ወይስ ቁጥር? ለውጭ አገር የድሬ ልጆች፣ እዚሁ ለቀረነውም

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። የድሬ ፀሐይ እንደ ልማዷ አስፋልቱን ታቀልጣለች። ስልኬ ጮኸ። የእህቴ ልጅ ነው፣ ከቨርጂኒያ።

«አጎቴ፣ ታርጋ ላወጣ ነው።»

«መኪና ቀየርክ እንዴ?»

«አይ፣ መኪናው ያው ነው። በፈለጉት ስም የሚወጣውን ታርጋ ነው የምልህ። ‹ድሬ› ብዬ ላስጽፍ ነው።»

ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። እዚያ በረዶ በሚወርድበት አገር የኛ ከተማ ስም መኪና ጀርባ ላይ ሆኖ ሲሄድ ታየኝ። ወዲያው ግን ሌላ ነገር መጣብኝ።

«ቆይ እስቲ፤ በላቲን ፊደል ስትጽፈው እኮ እንግሊዝኛ ይሆናል። ‹ዳየር› ነው የሚሉት። አስከፊ ማለት አይደል?»

«ነው» አለ እየሳቀ። «የኛ ሰው ግን ድሬ ብሎ ነው የሚያነበው።»

«የኛ ሰውማ ያነበዋል። ከኋላህ የሚነዳው ፈረንጅ ግን ‹አስከፊ› የሚል መኪና ነው የሚከተለው።»

ወሬውን የሰፈር ልጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ባነሳው የተኛው ሁሉ ነቃ። ለካ ዱባይ ያለው አብሮ አደጌ አጭር ቁጥር በጨረታ ሊገዛ ሲያሰላ ከርሟል። ለንደን ያለችው የአክስቴ ልጅ የልጇን ስም የሚመስል ታርጋ አይታ ልቧ ተንጠልጥሏል። እዚሁ ሳቢያን ያለው ባለ ባጃጅ ወዳጃችን ደግሞ «እኔ እኮ ከኋላ ሸራዬ ላይ ካስጻፍኩ ቆየሁ፤ ማንንም አልጠየቅኩም» ብሎ ሁሉንም አሳቀ። የሁሉም ጥያቄ ግን አንድ ነው። ያዋጣል ወይ? የቱ ይሻላል?

እኔ መኪና ሻጭ አይደለሁም። ግን ነገሩ ያዘኝና ሳገላብጠው ሰነበትኩ። የደረስኩበት ይኸው ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው፤ የኛ ሲሆን እናገራለሁ።

ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው

ልዩ ታርጋ ሲባል ሰው ሁለት ነገር ያቀላቅላል። አንዱ የስም ታርጋ ነው። ስማችሁን፣ የልጃችሁን ስም፣ የሰፈራችሁን ስም ታስጽፉበታላችሁ። ሌላው የቁጥር ታርጋ ነው። አጭር ቁጥር፣ አንዴ ታይቶ የማይረሳ።

ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ። ገበያ ላይ ግን አይገናኙም። የእህቴ ልጅ «ድሬ» የሚለውን ታርጋ ቢያወጣ የሚፈልገው ማነው? እሱ፣ እኔ፣ ምናልባት እዚያው ያሉ ሃምሳ የድሬ ልጆች። 7 ቁጥርን ግን የማይፈልግ የለም። ቁጥር የማንም ስላልሆነ የሁሉም ነው። ታርጋው የናንተ ብቻ በሆነ ቁጥር ለሌላ ሰው ያለው ዋጋ ይወርዳል። እንግዲህ ከመግዛታችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፤ ልትደሰቱበት ነው ወይስ ልታተርፉበት? ሁለቱንም የሚሰጥ ታርጋ አለ፤ ግን እኔና እናንተ የምንደርስበት አይደለም።

ቨርጂኒያ፦ በዓመት 10 ዶላር

አሜሪካ ውስጥ ታርጋ የሚያወጣው እያንዳንዱ ስቴት ነው። ዋጋውም ደንቡም ይለያያል። ቨርጂኒያን ያነሳሁት የእህቴ ልጅ ስላለ ብቻ አይደለም። በ2007 በተደረገ ጥናት በስም ታርጋ ብዛት ከአሜሪካ አንደኛ የወጣችው እሷ ናት፤ ከመቶ መኪና 16ቱ። ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም፤ ርካሽ ነው። ከመደበኛው ክፍያ ላይ በዓመት 10 ዶላር ይጨመራል፣ አለቀ። እስከ 7 ፊደልና ቁጥር ማስጻፍ ይቻላል። የፈለጋችሁት ቃል በሌላ ሰው ተይዞ እንደሆነ ድረ ገጹ ላይ ሞክራችሁ ታዩታላችሁ።

ነገር ግን ይህ ግዢ አይደለም፤ ኪራይ ነው። እየከፈላችሁ እስካላችሁ ድረስ የናንተ ነው። መኪናውን ብትሸጡ ታርጋው እናንተው ጋ ይቀራል፤ ወደሚቀጥለው መኪናችሁ ይዞራል። ክፍያውን ስታቋርጡ ግን ቃሉ ተመልሶ የማንም ይሆናል። አትርፌ እሸጠዋለሁ ብሎ ነገር የለም። ሀያ ዓመት ብትነዱበት 200 ዶላር ነው። ለዚህ ደስታ ብዙ ነው? እኔ አይመስለኝም። አንድ ምሽት ጓደኞቻችሁን ጋብዛችሁ የምታወጡት ነው።

ከዚህ ወጣ ያለች አንዲት ስቴት አለች፤ ደላዌር። ትንሽ አገር ናት። እዚያ ዝቅተኛ ቁጥር ያለው ታርጋ ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ ሀብት ነው፤ ይሸጣል፣ ይለወጣል። በ2008 ቁጥር 6 በጨረታ 675,000 ዶላር አወጣ። ልብ በሉ፤ ስም አይደለም፣ ቁጥር ነው።

ለንደን፦ ታርጋ እንደ ንብረት

የአክስቴ ልጅ ጉዳይ ከሁሉም የተወሳሰበው ነው፤ ስለዚህ እዚህ ጋ ቆየት እንበል።

እንግሊዞች ታርጋን መሸጥ የጀመሩት በ1989 ነው። የሚሸጠው ራሱ መንግሥት ነው፣ ዲቪኤልኤ በሚባለው መሥሪያ ቤቱ በኩል። መነሻ ዋጋው 250 ፓውንድ ነው፤ ታክሱና ታርጋውን መኪና ላይ ማስመዝገቢያው 80 ፓውንድ እዚያው ውስጥ ነው። አንዴ ከገዛችሁ በየዓመቱ የሚከፈል የለም። መኪና ከሌላችሁም ግድ የለም፤ የመብት ወረቀት ይሰጣችኋል፣ 10 ዓመት ያገለግላል፣ ይታደሳል። በወረቀቱ ላይ የሌላ ሰው ስም ማስገባት ይቻላል፤ ስለዚህ ለስጦታ ይሆናል። መሸጥም ይቻላል። በአጭሩ እንደ ቤት፣ እንደ ወርቅ ነው።

እዚህ ድረስ ጥሩ ነው። አሁን መሰናክሉ።

የእንግሊዝ ታርጋ እንደ አሜሪካ የፈለጉትን የሚጽፉበት ሰሌዳ አይደለም። ከሴፕቴምበር 2001 ወዲህ ቅርጹ የተቆረጠ ነው፤ ሁለት ፊደል፣ ሁለት ቁጥር፣ ከዚያ ሦስት ፊደል። ሁለቱ ቁጥሮች ደግሞ መኪናው መቼ እንደተመዘገበ ይናገራሉ። 24 ካለ ከማርች 2024 ነው፤ 74 ካለ ከዚያው ዓመት ሴፕቴምበር። ስለዚህ ስማችሁን በቀጥታ አትጽፉም፤ ስማችሁን የሚመስል ነገር ታድናላችሁ። የአክስቴ ልጅ ያገኘችው «ሳ 24 ራ» ተብሎ ሊነበብ የሚችል ነበር፤ ልጇ ሳራ ናት። የሷ መኪና ግን የ2016 ነው። ሕጉ ደግሞ መኪናን ከዕድሜው በታች የሚያስመስል ታርጋ አይፈቅድም። አሮጌ ማስመሰል ይቻላል፤ አዲስ ማስመሰል አይቻልም። ገዝታው ቢሆን ኖሮ አዲስ መኪና እስክትገዛ መሳቢያ ውስጥ ነበር የሚቀመጠው።

ሁለተኛው መሰናክል ክፍተት ነው። ሰዎች ስማቸው ጎልቶ እንዲነበብ ፊደሎቹን ያጠጋጋሉ፣ ያራርቃሉ፣ ቁጥሩን ፊደል እንዲመስል ብሎን ይመቱበታል። ይህ እስከ 1,000 ፓውንድ ያስቀጣል። ዓመታዊ ምርመራውንም አያልፍም። ባስ ሲል ታርጋው ራሱ ይወሰዳል። ስለዚህ ስትገዙ ሻጩ በሥዕል ያሳያችሁን ሳይሆን በትክክለኛው ክፍተት ሲጻፍ የሚነበበውን ተመልከቱ። ብዙው ስም በትክክለኛው ክፍተት ሲጻፍ ስም መሆኑ ይቀራል።

ሦስተኛው፣ ብዙ ሰው የሚያለቅስበት። ታርጋውን ከመኪናው ላይ በወረቀት ሳታነሱ መኪናውን ከሸጣችሁ ታርጋውም አብሮ ሄደ። መኪናው ተጋጭቶ ኢንሹራንስ ሊወስደው ሲልም ያው ነው፤ መጀመሪያ ታርጋውን አስነሱ።

ለአክስቴ ልጅ የነገርኳት መላ ይህ ነው። የሰሜን አየርላንድ ታርጋ የዓመት ምልክት የለውም። ሦስት ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው፤ ከፊደሎቹ አንዱ አይ ወይም ዜድ ይሆናል። በመላው እንግሊዝ መንዳት ይቻላል፤ ለማንኛውም ዕድሜ መኪና ይሆናል፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ነው። ዜድ ያለበት ስም ያላችሁ ሰዎች ዕድለኞች ናችሁ። ሳራ ዜድ የላትም። እናቷ ግን ዘሃራ ናት።

የእንግሊዝ ገበያ ከላይኛው ጫፍ ምን ይመስላል ለምትሉ፦ በ2014 «25 ኦ» የሚል ታርጋ ከነክፍያው 518,000 ፓውንድ ገደማ ተሸጠ። ኦ የምትለዋ ፊደል ዜሮ ትመስላለች፤ ስለዚህ 250 ተብሎ ይነበባል። የገዛው ሰው የፌራሪ ነጋዴ ነው፤ ፌራሪ 250 የሚባል የድሮ ውድ መኪና አለ። አያችሁ፤ ውድ የሆነው የሰውየው ስም ስላለበት አይደለም። ፌራሪ 250 ያለው ሁሉ ስለሚመኘው ነው።

ዱባይ፦ ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ

አብሮ አደጌ ዱባይ ሀያ ዓመት ሊሞላው ነው። እሱ ስለ ታርጋ ሲያወራ ስለ መሬት የሚያወራ ነው የሚመስለው። እውነቱን ነው። ዱባይ ታርጋ ላይ ስም አይጻፍም። አንድ ወይም ሁለት ፊደል አለ፣ ከአንድ እስከ አምስት አሃዝ ቁጥር አለ። ጨዋታው በሙሉ አሃዙ ምን ያህል አጭር ነው የሚለው ላይ ነው። ባለ አምስት አሃዝ የሠራተኛው ነው። ባለ አራት ያወራል። ባለ ሦስት ይከበራል። ባለ ሁለትና ባለ አንድ አሃዝ ሲያልፍ መንገድ ይለቀቅለታል።

ቁጥሮቹን ስሙ። በ2008 አቡ ዳቢ ላይ ቁጥር 1 በ52.2 ሚሊዮን ድርሃም ተሸጠ። በ2016 ዱባይ ላይ «ዲ 5» 33 ሚሊዮን ድርሃም አወጣ። ገዢው 9 ቁጥርን የሚወድ ነጋዴ ነበር፤ ዲ አራተኛ ፊደል ናት፣ 4 እና 5 ሲደመር 9 ነው። በኤፕሪል 2023 ደግሞ፣ በረመዳን፣ «ፒ 7» በ55 ሚሊዮን ድርሃም ሄደና የዓለም ክብረ ወሰን ሆነ። ወደ 15 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ማለት ነው። ገንዘቡ ለተራቡ ሰዎች ምግብ ማቅረቢያ ዘመቻ ነው የዋለው። ስለዚህ ዋጋውን ስትሰሙ ግማሹ ሰደቃ መሆኑን አትርሱ። በበጎ አድራጎት ጨረታ የወጣን ዋጋ ይዞ የራስን ታርጋ መተመን ራስን ማታለል ነው።

«ዲ 5» ላይ ግን ሳልስቅ አላልፍም። የሐረር ሰው ብትጠይቁት 5 ቁጥርን የጁገል በሮች ቁጥር ነው ይላችኋል። አምስቱን በር በነፃ እየገባ እየወጣ ያደገ ሰው ለአንድ 5 ይህን ሁሉ ሚሊዮን ሲሰማ ምን ይበል?

አብሮ አደጌ እንግዲህ እዚህ ሚሊዮን ውስጥ የለም። እሱ የሚያየው ባለ አምስት አሃዝ ሆኖ መልክ ያለውን ነው፤ የሚደጋገም፣ ከፊትም ከኋላም አንድ ዓይነት የሚነበብ። እነዚህ በመንገድና ትራንስፖርት ባለሥልጣኑ የኢንተርኔት ጨረታ ይወጣሉ። ለመጫረት መያዣ ይከፈላል፤ ባሸነፋችሁበት ዋጋ ላይ 5 በመቶ ታክስ ይጨመራል። ሰው ለሰውም ይሸጣል፤ ሞቅ ያለ ገበያ አለው።

የኔ አስተያየት? ከሦስቱ አገሮች ትርፍ የሚባል ነገር ያለው እዚህ ነው። ነገር ግን ትርፉ ያለው ከላይ ነው። ባለ አምስት አሃዝ ቁጥር በብዛት አለ፤ የዛሬው ጨረታ ቢያመልጣችሁ ሌላ ይወጣል። ለድሬ የሚላክ ገንዘብ፣ የሚሠራ ቤት፣ የሚማር ልጅ ያለው ሰው «ኢንቨስትመንት ነው» ብሎ ብድር ወስዶ ታርጋ ሲገዛ ብሰማ እቆጣለሁ። ለአብሮ አደጌም ይህንኑ በድምፅ መልእክት ልኬለታለሁ። ሰማያዊ ምልክት አሳይቶኛል፤ መልስ ግን እስካሁን የለም።

ሜልበርን ያላችሁ የሐረር ልጆች፣ አንድ ቃል ብቻ። «አቦ» ብላችሁ እንዳታስጽፉ። የኛ «አቦ ተው!» እዚያ አገር ፊደሉ ሲታይ ነባሮቹን የአገሬውን ሰዎች የሚሰድብ ቃል ነው። ሰውን የማስቀየም ሐሳብ እንደሌላችሁ እኔ አውቃለሁ። መንገደኛው ግን አያውቅም።

ቁጥር መምረጥ ላይ

ቁጥር የሚወደደው አጭር ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ትርጉም ስላለውም ነው። ችግሩ ትርጉሙ ከአገር አገር መለያየቱ ላይ ነው። ሆንግ ኮንግ በ2016 ቁጥር 28 ከ18 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር በላይ ተሸጧል። በቋንቋቸው ሲጠራ «በቀላሉ መበልጸግ» የሚል ድምፅ ስላለው ነው። ለኛ 28 ምንድነው? አማኑኤል ነው። የሚወደው ይወደዋል፤ ያንን ያህል ገንዘብ ግን አናወጣበትም።

የድሬ ክርስቲያን ከሆናችሁ 19 የሚለው ቁጥር ሌላ ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል የሚወጣውን መኪና ብዛት ያየ ያውቀዋል። እስላም ጎረቤቶቼ 99ን ይወዳሉ፤ የአላህ ስሞች ናቸው። ከሕንድና ከፓኪስታን ሰዎች ጋር ዱባይ የሚውሉት ደግሞ 786 ለምን እንደሚፈለግ ይነግሯችኋል፤ የቢስሚላህ ፊደሎች ድምር ነው። እንግዲህ ለመሸጥ ካሰባችሁ ገዢው ማነው የሚለውን አስቡ። 786 ዱባይ ላይ ገዢ አያጣም። 19 ግን ዱባይ ላይ ማንም ቁልቢን ስለማያውቅ ያው ባለ ሁለት አሃዝ ቁጥር ነው። አጭር በመሆኑ ይወደዳል እንጂ በገብርኤል አይደለም።

ኮምፒውተር የማይወደው ስም

ይህን ክፍል ዝለሉት ብትሉኝ አልሰማም፤ ከሁሉም የሚጣፍጠው ይህ ነው።

በ1979 ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ ሰው የስም ታርጋ ለማውጣት ቅጽ ሞላ። ቅጹ ሦስት ምርጫ ይጠይቃል። ሰውየው መርከብ ወዳድ ነው፤ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ምርጫ ላይ ከጀልባ ጋር የተያያዙ ሁለት ቃላት ጻፈ። እነዚያ ከሌሉ ሌላ አልፈልግም ለማለት ሦስተኛው ላይ «ታርጋ የለም» ብሎ ሞላ። በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው። ሁለቱ ተይዘው ነበር። በፖስታ የመጣለት ታርጋ ላይ የተጻፈው «ታርጋ የለም» ሆነ።

ሰውየው ሳቀና አሰረው። ከዚያ ቅጣት ይዘንብ ጀመር። ለካ ፖሊሶች ታርጋ የሌለው መኪና ያለ ቦታው ቆሞ ሲያገኙ ወረቀቱ ላይ «ታርጋ የለም» ብለው ነበር የሚጽፉት። ኮምፒውተሩ ደግሞ በዚህ ስም የተመዘገበ አንድ ባለቤት አገኘ። ወደ 2,500 የቅጣት ወረቀት ደረሰው።

ሰው ይማራል እንዳትሉ፤ በ2016 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ የኮምፒውተር ደኅንነት ባለሙያ «ነል» የሚለውን ቃል አወጣ። በኮምፒውተር ቋንቋ ባዶ ማለት ነው። ካሜራው ሊያነበኝ አይችልም ብሎ ነበር። የሆነው ተገላቢጦሽ ነው፤ ታርጋ ያልተሞላበት የሰው ሁሉ ቅጣት እሱ ላይ ተከመረ። ከ12,000 ዶላር በላይ።

ስለዚህ ስም ስትመርጡ በአፍ ብቻ አትሞክሩት። በአገሩ ፊደል ጽፋችሁ እዩት፤ ለአገሬው ሰው አስነብቡት። ኦ እና ዜሮ፣ አይ እና አንድ የሚቀላቀሉበትን ተዉት፤ ካሜራም ትራፊክም ይሳሳትባችኋል፤ የሌላውን ቅጣት ትከፍላላችሁ።

እዚሁ ለቀረነው

እኛስ? እኛ ታርጋ ስናነብ ኖረናል እንጂ መርጠን አናውቅም። ለዓመታት የለመድነው ታርጋ ስለ ባለቤቱ ስም ሳይነግረን ብዙ ይነግረናል። ቀይ ኮድ 1 ታክሲ፣ ሰማያዊ ኮድ 2 የቤት መኪና፣ አረንጓዴ ኮድ 3 የንግድ፣ ጥቁር ኮድ 4 የመንግሥት። መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው ከሞተሩ በፊት «ኮዱ ስንት ነው?» ይላል። ደላላው ደግሞ «ታርጋው አዲስ ነው» ይላል፤ ቁጥሩ የገፋ ከሆነ መኪናው በቅርብ የገባ ነው ለማለት። እንግሊዝ በሕግ የጻፈችውን የኛ ደላላ በአፉ ይሠራዋል። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፤ ያ ታርጋ ላይ በአማርኛ «ድሬ» ተብሎ ተጽፏል። የእህቴ ልጅ በዓመት 10 ዶላር ሊከፍልበት የነበረው ቃል እኛ ጋ ከታርጋው ጋር ሲመጣ የኖረ ነው። «አስከፊ» ብሎ የሚያነበውም የለም።

ልዩ መሆን የፈለገ የድሬ ሰው ታርጋውን አይነካም፤ መኪናውን ያጽፍበታል። ባጃጆቻችንን አይታችኋል። ጥቅስ አለ፣ የእናት ስም አለ፣ የእንግሊዝ ኳስ ክለብ አለ፣ «ምቀኛ አታሳጣኝ» አለ። ይህ ከስም ታርጋ የሚበልጥበት ነገር አለ፤ የፊደል ገደብ የለውም፣ በራሳችሁ ፊደል ይጻፋል፣ ሲሰለቻችሁ ይፋቃል። የማይበልጥበትም አለ፤ ባጃጁን የሚገዛው ሰው የናንተን እናት ስም ይዞ ላይነዳ ስለሚችል ማስለቀቂያውን ከዋጋው ላይ ያስቀንሳችኋል። የኋላ መስታወቱን ሙሉ በሙሉ በጽሑፍ መሸፈን ደግሞ ጥሩ አይደለም። ለትራፊክ ብዬ አይደለም፤ ደንገጎን ስትወርዱ ከኋላ ምን እየመጣ እንደሆነ ማየት ይኖርባችኋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን እኛ አገር የመኪና ስም የሚያወጣው ባለቤቱ አይደለም፤ ሕዝቡ ነው። አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ያለው ማነው? ማንም ቅጽ አልሞላም። ጫት ጭኖ ከአወዳይ የሚበረውን አንዴ ያየ ሰው ስሙ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም።

ድሬ ደግሞ ትንሽ ከተማ ናት። መኪናው የማን እንደሆነ ታርጋ ሳይነበብ ይታወቃል። «ሐረር ነኝ» ብሎ ለሚስቱ የደወለ ሰው መኪናው እዚሁ ድሬ፣ አሸዋ ሰፈር ቆሞ ሲታይ ወሬው ከሱ ቀድሞ ቤት ይገባል። እንዲህ ላለ ሰው ስሙን ታርጋ ላይ መጻፍ ቀርቶ መኪና መያዙም ራሱ አይመከርም።

የእህቴ ልጅ ምን አደረገ?

«ድሬ» ቀረ። ቀጥሎ «ሳቢያን» አለ። ፊደሉ ይበቃል፣ ስድስት ነው። ግን በዚያ ስም የሚሠራ የካናዳ የከበሮ ጸናጽል አለ፤ ድራም መቺ ነህ ይሉሃል አልነው። «ደቻቱ» አለ። በላቲን ፊደል ልክ ሰባት ነው፤ ተሰፍቶ የተሠራለት ይመስላል። እህቴ ግን ፊቷ ጠቆረ። በኛ አቆጣጠር በ1998 ክረምት ያ ወንዝ ሌሊት ሰው ይዞ የሄደውን አልረሳችም። «ያንን ነው መኪናህ ላይ የምትለጥፈው?» አለችው። ሌላ ቃል አልተነገረም።

በመጨረሻ ያወጣው «ፔጆ 404» የሚለውን ነው። ድሬም ሐረርም ያደገ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቅም። ከሸዋ በር እስከ ፈረስ መጋላ ስንቱን ሰው፣ ስንቱን ቅርጫት፣ ስንቱን ሙሽራ የተሸከመች ታክሲ ናት፤ እሱ ራሱ ከሆስፒታል ቤት የገባው በሷ ነው። ፎቶውን ሲልክልን ግሩፑ በሙሉ ጮኸ።

ትናንት ደወልኩለት። «እሺ፣ ታርጋው እንዴት ነው?»

«አሪፍ ነው አጎቴ። ግን እዚህ የሚያየው ሰው ሁሉ ‹ከአትላንታ ነህ?› ይለኛል። 404 የአትላንታ የስልክ መነሻ ቁጥር ነው ለካ።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«መጀመሪያ ስለ ታክሲዋ አስረዳ ነበር። አሁን አዎ እላለሁ።»